በጥር የመጣ መብረቅ

ጥር ላይ ነቀምቴ ተቀምጦ መብረቅ የሚፈራ ወንድ ካያችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፤ ወይ ራሱን አሞታል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። የዓባይነሽ ባል ጉደታ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ራሱን አላመመውም። እንዲያውም ከርዕሰ መምህርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሠፈሩን ጠብ ሁሉ ሲዳኝ የሚውለው እሱ ነው።

ክረምት ሲሆን ቴሌቪዥን ከሶኬት መንቀል የወለጋ ሰው ሁሉ ልማድ ነው፤ ደመናው ካጉረመረመ ሕፃን ሳይቀር ሮጦ ይነቅላል። ጉደታ ግን ሰኔ ላይ የጀመረውን መንቀል ጥርም ላይ አልተወም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የመንገዱ አቧራ ባጃጁን ሁሉ ቡናማ አድርጎት፣ እሱ ዓባይነሽ የግቢውን በር ስትከፍት ከሰማ ብድግ ይልና ገመዱን መንጭቆ ይነቅላል።

"ምን ሆነህ ነው?" ትለዋለች።

"መብረቅ አይታመንም" ይላታል።

አንድ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት ቀርቶ ዓባይነሽ ከሰዓቷ ቀድማ መጣች። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ጉደታ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ተቀምጧል። ዓይኑ ግን ደም መስሏል።

"አልቅሰሃል እንዴ አባ ሌንሳ?" አለችው፣ በልጃቸው ስም ጠርታ።

"ጭስ ነው።"

"እሳት አልነደደም እኮ።"

"የጎረቤት ጭስ ነዋ!" አለና ቆጣ ብሎ ገጽ ገለጠ። እሷ አቧራ የምትጠርግ መስላ ጠጋ አለችና የቴሌቪዥኑን ጀርባ እንደታመመ ልጅ ግንባር ዳሰሰችው። ይፋጃል። ወይ ጉድ! አለች በሆዷ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ስላለችው ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ጉደታ "መዝሙርና ስብከት የሚያሳይ፣ ቁልፍ የማያስነካካ ነገር ሥራልኝ" ብሎ ኢቢሳን ጠራው። ኢቢሳ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ስልክና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ሠላሳውን ያለፈ ጨዋ ልጅ ነው። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ፣ አንዲት ሰሌዳ ላይ ያለቀች ኮምፒውተር አመጣና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ለጠፋት። የመጀመሪያ ቀን ስትበራ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል እንደ ዝናብ ወረደና ቆመች፤ ኪቦርድ አምጡ አለች። ጉደታ "በስተርጅና ታይፒስት ልሁን?" ብሎ ጮኸ። ኢቢሳ ተመልሶ መጣና መብራት ሲገባላት ራሷ የፊልም ማጫወቻውን ፕሮግራም እንድትከፍት አዘዛት። ከፈተች፤ ግን ዝርዝሩ ባዶ ነው። ለካ እሷ ፈጥና ትነሣለች፣ መዝሙሩ ያለበት ዲስክ ደግሞ እንቅልፋም ነው። በሦስተኛው "ዲስኩ እስኪነቃ ሃያ ሰከንድ ቆይተሽ ክፈቺ" የሚል ትእዛዝ ጻፈላት። ከዚያ ወዲያ ሶኬቱን መሰካት ብቻ ሆነ፤ ፊደሉ ይወርዳል፣ ሃያ ይቆጠራል፣ መዝሙሩ ተደርድሮ ይመጣል። ጉደታ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እጄን አላስነካም፤ ራሷ ነች!" እያለ ይኩራራባት ነበር።

እንግዲህ ሦስቴ ለሥራ የመጣ ልጅ ሦስቴ ሻይ ይቀርብለታል። ሻዩን የምታቀርበው ሌንሳ ናት። ሌንሳ ዓባይነሽና ጉደታ በተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው ያገኟት አንድ ልጃቸው ናት፤ ኡኬ የምትባል ከተማ ታስተምራለች፣ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ማታ ትመለሳለች፣ ደጃፍ ላይ ቆማ የኡኬን አቧራ ከጫማዋ ጧ ጧ አድርጋ አራግፋ ትገባለች። ዘንድሮ ሃያ ዘጠኝ ሞልቷታል። ኢቢሳ ለአራተኛ ጊዜ የመጣው ሳጥኗ ምንም ሳትሆን ነው።

ከዚያ ሽማግሌ ላከ። ጉደታ "እናስብበት" ብሎ መለሰ። ደግሞ ላከ፤ ደግሞ "እናስብበት"። በዚያ ሠፈር ሽማግሌ የሚመጣው ሦስት ጊዜ ነው። በሦስተኛው አፉን ሞልቶ እሺ ያላለ አባት እምቢ እንዳለ ይቆጠራል፤ ሽማግሌውም ባርኔጣውን አንሥቶ ይወጣል፣ ሁለተኛ በዚያ ደጅ አያልፍም። ሦስተኛው ቀጠሮ ለመጪው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

"ልጁ ምን ጎደለው?" አለችው ዓባይነሽ።

"ቢሮ የለውም። ሽቦ ቀጣይ ነው።"

"ሽቦ ቀጥሎ አይደል ከኪቦርድ የገላገለህ?"

"እናስብበት ብያለሁ።"

ሌንሳ አላለቀሰችም፤ የሷ ነገር እንዲያ ነው። ማድቤት ገብታ፣ "እማ፣ ከኢቢሳ ሌላ አላገባም። አልለምናችሁም፤ ግን እወቂልኝ" አለችና ወጣች። ዓባይነሽ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የአርጆ ልጅ ናት፣ አባቷ ከጎጃም መጥቶ አርጆ የሠፈረ ሰው ነው፤ እሷን ለጉደታ ሲድራት "የኛን ወግ አያውቅም" ያለው ዘመድ ሁሉ አፉን የዘጋው አባቷ አንድ ቀን እሺ ስላለ ነው። አንድ እሺ! ያንን እሺ የበላ ሰው እንዴት ለልጁ ይነፍጋል? አናደዳት።

በማግስቱ ጉደታ ለዳኝነት ሲወጣ ጠብቃ ሶኬቱን ሰካችው። ፊደሉ ወረደ፣ ሃያ ተቆጠረ፣ ዝርዝሩ መጣ። ከመዝሙሩ ሥር ሌንሳ ለራሷ ብላ ያስጫነችው፣ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ተከታታይ ፊልም አለ፤ መቶ ሃያ ክፍል። ታይቶ ያለቀ ክፍል አጠገብ ምልክት ይደረጋል። ሌንሳ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሰልችቷት እንደተወችው ዓባይነሽ ታውቃለች። ምልክቱ ሃምሳ ስምንት ላይ ደርሷል።

ዓባይነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ እስኪያማት ሳቀች። ጉደታ እኮ ነው! ባለፈው ግንቦት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ ብሎ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሞ "ተከታታይ ፊልም የጊዜ ሌባ ነው፤ ሌባን ቤቱ የሚያስገባ ማነው?" ብሎ ሴቱን ሁሉ አንገት ያስደፋ ጉደታ! ምስኪን፣ ከሶኬት የተነቀለ ነገር ሁሉ ያየውን ይረሳል ብሎ ነው የሚያምነው። ምልክቱን ልብ አላለውም።

ሳቋን ስትጨርስ ነጠላዋን አስተካከለችና ኢቢሳ ሱቅ ሄደች።

ኢቢሳ ሲያያት ብድግ ብሎ ወንበሩን ጠረገ። "ሃርሜ፣ በደህና ነው?" አላት፤ ገና ሳይሰጡት እናቴ ማለት ጀምሯል።

"በደህና ነው ልጄ። ያቺ ሳጥን መብራት ሲመጣ ዝርዝር ታሳያለች አይደል?"

"አዎ።"

"ዝርዝሩን ትታ፣ መጨረሻ የታየውን ነገር ካቆመበት ራሷ እንድትቀጥል ማድረግ ይቻላል? ጋሼህ ስብከቱን ሲያይ መብራት እየሄደበት የት እንደደረሰ ይጠፋዋል።"

"ቀላል ነው። አንዲት መስመር ብቻ ልጨምር" አላት። ሊጨምር መጣ፣ ጨመረ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። ምንም አልጠረጠረም፤ ልቡ ንጹሕ ነው። ዓባይነሽ ሐሳቧ አጭር ነበር፤ ሰው ፊት ያፈረ ወንድ እምቢ ለማለት ጉልበት ያጣል። ኃጢአት ነው? ትንሽ ነው። እሑድ ጠዋት ንስሓ እገባለሁ ብላ ነበር፤ ግን እሑድ ጠዋት ገና አልሠራችውም።

ቅዳሜ "አርጆ እኅቴ ጋ ደርሼ ልምጣ" ብላ ቀኑን ሙሉ ቤቱን ለቀቀችለት። አርጆ አልሄደችም፤ በጎረቤቷ በእየሩስ ወፍጮ ቤት ተቀምጣ ዋለች። ማታ ስትመለስ የጉደታ ዓይን እንደገና ቀልቷል፣ ገመዱም መሬት ላይ ነው።

"መብረቅ ነበር እንዴ?" አለችው።

"ባይኖርም አይታመንም" አላት።

እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የቤቱን መብራት በሙሉ የሚቆርጠውን ብሬከር፣ ማድቤቱ በር አጠገብ ያለውን፣ ወደ ታች አለችው። ቤቱ ጭልም አለ።

"መብራት ሄደ!" አለች ጮክ ብላ።

"እሰይ፣ እንኳን ሄደ" አለ ጉደታ ከጓዳ፣ ከረባቱን እያሰረ። መብራት ከሌለ ማን ሶኬት ያያል? እሷ ወንበር የምትደረድር መስላ ቴሌቪዥኑን ሰካችው፤ ከዚያ ትልቁን ወንበር ሶኬቱ ላይ ገጥማ አስጠጋችው።

ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ። ኦቦ ዋቅወያ ሰማንያ የሚጠጋቸው፣ ከሲታ፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ኦቦ ሞሲሳ መቶ ኪሎ ይመዝናሉ፤ ዓባይነሽ እጃቸውን ይዛ ትልቁ ወንበር ላይ፣ ሶኬቱን እንዲጋርዱ፣ ልክክ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

"አካም ኦልታን?"

"ነጋ፣ ገለተ ዋቃ።"

በኦሮምኛ ጤና ተጠያየቁ፣ ከብቱን ጠየቁ፣ አዝመራውን ጠየቁ፣ ጸለዩ። ማድቤት ውስጥ ተቀቅሎ በቅቤ የተለወሰ የአንጮቴ ሥር ተቀምጧል፤ ሽታው ሳሎን ገብቷል። ሽማግሌ ግን መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም፤ ኦቦ ሞሲሳ አፍንጫቸው ወደ ማድቤት ዞሮ ቀርቷል።

"መብራት የለም እንዴ?" አሉ፣ አሳብ ለማስቀየር። "የጎረቤታችሁ ወፍጮ ግን ይፈጫል።"

"ጄኔሬተር ነው!" አለች ዓባይነሽ ከበሩ ሆና። እየሩስ ጄኔሬተር ኖሯት አያውቅም።

ኦቦ ዋቅወያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ጉደታ፣ ሦስተኛችን ነው። ልጁን ታውቀዋለህ፣ ዘሩን ታውቃለህ፣ ጌታን የሚፈራ ነው። ልጅቷም ፈቅዳለች። ዛሬ ይዘን የምንሄደውን ቃል ስጠን።"

ሌንሳ ከማድቤቱ ጥግ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዓባይነሽ ድልህ የምታማስልበትን ማንኪያ ይዛ ወደ ሳሎኑ ጆሮዋን ሰጠች። ጉደታ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባቶቼ፣ ደጄን ስለረገጣችሁ አመሰግናለሁ። ነገሩን ስመዝነው፣ እንግዲህ፣ እናስ..."

ዓባይነሽ በጣቷ ብሬከሩን ወደ ላይ ቃ አደረገችው።

ሳሎን ውስጥ አምፖሉ በራ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ይወርድ ጀመር። የጉደታ አፍ "እናስ" ላይ ተከፍቶ ቀረ። ሃያ ሰከንድ! እሷ ከማድቤት በሆዷ ስትቆጥር፣ እሱ ደግሞ ብድግ ብሎ ወደ ሶኬቱ አቀና፤ ኦቦ ሞሲሳ ተራራ ሆነው መንገድ ላይ ተቀምጠዋል።

"ኦቦ ሞሲሳ፣ አንዴ ብድግ ይበሉልኝ፤ ልንቀለው፤ መብረቅ..."

"በጥር?" አሉ ኦቦ ሞሲሳ፣ ንቅንቅ ሳይሉ።

"ተወው እንጂ፣ መዝሙር ይሆናል፤ ያንተ ሳጥን እጅ ሳይነካት ትከፍታለች ስትል አልነበር?" አሉ ኦቦ ዋቅወያ።

አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ከፈተች። መዝሙር አልነበረም። አንዲት ቆንጆ ልጅ ፂማም አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ "አባዬ፣ እሱን ካልሰጠኸኝ ቅበረኝ!" እያለች በአማርኛ ታለቅሳለች።

ጉደታ ላቡ ከረባቱ ላይ ወረደ። "የልጅቷ ነው፤ እኔ እንኳን..."

"ማሎ፣ እባክህ ዝም በል!" አሉ ኦቦ ዋቅወያ፤ ዓይናቸው ተበልጥጧል። "ስንተኛው ክፍል ነው?"

"ስልሳ አንድ" አለ ጉደታ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰው? ኦቦ ዋቅወያ ግን ከምንም አልቆጠሩትም፤ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገዋል። "እኔ ሃምሳ አምስት ላይ ነኝ! በምራቴ ስልክ ነው የማየው። ጀልባ ጠጋኙ ልጅ ይሙት ይትረፍ እንዳትነግረኝ!"

"ተርፏል" አለ ጉደታ፣ ሳያስበው።

"አይ አንተ ሰው! ነገርከኝ!"

ኦቦ ሞሲሳ አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። "ምንድን ነው ነገሩ? ሰውየው ልጁን ለምን ይከለክላታል?"

"ልጁ ደሃ ስለሆነ ነዋ" አሉ ኦቦ ዋቅወያ።

"አይደለም!" አለ ጉደታ። ዳኝነት ሲያሞቀው እንደሚያደርገው ወንበሩን ወደፊት ሳበ፤ እፍረቱን ረስቶታል። "አልገባችሁም። ድህነቱ ሰበብ ነው። ሰውየው የሚፈራው ቤቱን ነው። ያለችው አንድ ልጅ ናት። ከሄደች ማታ ማታ ጆሮው ምን ይሰማል? ደጃፍ ላይ ቆማ አቧራዋን ከጫማዋ ጧ ጧ ስታደርግ፣ ያቺን ድምፅ ሰምቶ ነው እራት የሚበላው። ከዚያ ወዲያ ያ ድምፅ የለም። እሱን ለሰው እንዴት ይናገር? ያፍራል። ስለዚህ ልጁን 'ምንም የለህም' ይለዋል።"

ዓባይነሽ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። በዚያ ፊልም ውስጥ ጫማ የሚያራግፍ ሰው የለም፤ የባሕር ዳር ሰዎች ናቸው፣ አቧራቸው የት አለ? ዞር ብላ ሌንሳን አየቻት፤ ሌንሳ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ዓባይነሽ መሳቋን ተወች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው ኖራ፣ ለቢሮ የሚሳሳ ይመስላት ነበር። አሳዘናት፤ ከልቧ አሳዘናት።

"ታዲያ ሰውየው ልክ ነው?" አሉ ኦቦ ሞሲሳ።

"ልክ አይደለም!" ጉደታ ጉልበቱን በመዳፉ መታ። "ስሙኝ፤ እኔ ብፈርድ እንዲህ እፈርዳለሁ። ቤቴ ጭር ይላል ብሎ በልጅ ዕድሜ ላይ መቀመጥ ግፍ ነው። ብቸኝነቱን ይቻለው፣ ልጅቷን ዛሬውኑ ይስጣት!"

ኦቦ ዋቅወያ እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሞሲሳ፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"አምና በዚያ የአርጆ በሬ ነገር፣ የገዛ ወንድሙ ላይ ሲፈርድ፣ ሰው ሁሉ ተው ሲለው ምን ነበር ያለው?"

"'ፍርዴን ከአፌ አልመልስም' ነው ያለው። መልሶም አያውቅ።"

ኦቦ ዋቅወያ ዓይናቸውን ገለጡና ጉደታን ብቻ አዩት። ፊልሙ ውስጥ ልጅቷ አሁንም ታለቅሳለች፤ ጉደታ እሷን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ከዚያ የፈረደው ማን ላይ እንደሆነ ገባው። ትከሻው ወረደ።

"ሌንሳ" አለ፤ ድምፁ ሰለል ብሏል።

ሌንሳ ገባችና ፊቱ ቆመች።

"ኢቢሳ ቤት ርቀቱ ምን ያህል ነው?"

"በባጃጅ አሥር ደቂቃ፣ አባ።"

"ከኡኬ ስትመለሺ በዚህ በኩል ማለፍ ያስኬዳል?"

"ያስኬዳል። በየቀኑ አልፋለሁ።"

"ጫማሽን እዚሁ ታራግፊያለሽ ማለት ነው" አለ፤ መሐረቡን አወጣ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ በዚህ ጊዜ ጭስ ነው አላለም። "እሺ ብያለሁ፣ አባቶቼ። ሰጥቻለሁ።"

ኦቦ ዋቅወያ ተነሥተው መረቁ። ኦቦ ሞሲሳ "አሜን" ያሉት ወደ ማድቤት ዞረው ነው። አንጮቴው ቀረበ፣ ድልሁ ቀረበ፣ ሌንሳ እጅ አስታጠበች። ኦቦ ዋቅወያ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው በሉ፤ ከሃምሳ አምስት በላይ ያለውን አላይም ብለዋል።

ጉደታ እጁን ሊታጠብ ወደ ማድቤቱ በር ወጣ። የእየሩስ ወፍጮ አሁንም ይፈጫል። ቀና ሲል ብሬከሩን አየው፤ ነጩ ማብሪያ ላይ አንዲት ቀይ የጣት አሻራ አለች፤ ድልህ። ወፍጮውን አዳመጠ፣ አሻራዋን ደግሞ አየ። ዓባይነሽ ትሪ ይዛ ከኋላው ደረሰች።

ጉደታ ሽማግሌዎቹ እንዳያዩት ወደ ሳሎን ገልመጥ አለና አሻራዋን በዚያው ዓይኑን በጠረገበት መሐረብ ድርግም አድርጎ ጠረጋት።

"ዓባይ" አላት ዝቅ ብሎ፣ "ይኸው፣ መብረቅ በጥርም ይመጣል አላልኩሽም?"

"ከየት መጣ ደግሞ?"

"ከማድቤት" አለና መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።